ደጅ የሚጠናበት ስፍራ

«ደጅ» ማለት በር ብቻ ቢሆን ኖሮ «ደጅ መጥናት» የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር። በር ይንኳኳል እንጂ አይጠናም። ደጅ ከበሩ ፊት ያለው ሜዳ፣ የዛፉ ጥላ፣ የአጥሩ ሥር ነው፤ ገና ወደ ውስጥ ያልገባ፣ ግን ያልተባረረም ሰው የሚቆይበት ስፍራ ነው። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው በጎጃም ላይ ከነገሡ በኋላ፣ መንቆረር በማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ እየተባለች በነበረበት ዘመን፣ ርስቱ የተነጠቀበትም ሹመት የሚሻውም ስንቁን ቋጥሮ ከንጉሡ ደጅ ይሰነብት ነበር። በዚያው አገር የልጇ አእምሮ የታወከባት እናት በሶዋን ቋጥራ ጠበል ወዳለበት ደብር ስትነሣም የምትለው ያንኑ ነው፤ «ደጅ ልጠና»። ለፍርድም ለፈውስም አንድ ቃል ማገልገሉ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ሁለቱም ጋ የሚመጣው ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ጉዳዬ እስኪታይ ድረስ የምቆይበት ቦታ አለኝ ወይ?

ዛሬ ለአእምሮ ሕሙማን ቤት ይሠራ ሲባል ወሬው በአልጋ ቁጥር ይጀምርና በአጥር ቁመት ያበቃል። «እንግዳ ተቀባይ የሆነ ሕንፃ» የሚለው ሐሳብም ከሩቅ አገር የመጣ፣ ለሀብታሞች የሚሆን ቅንጦት ተደርጎ ይታሰባል። የጎጃም ደጋ ታሪክ ግን ሌላ ይላል። በዚህ አገር ሕመምተኛውን የሚቀበል ስፍራ ከሆስፒታል በፊት ነበረ፤ ተቀባይ ያደረጉትም ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው ሰው «እብድ» ሳይባል ሊቀመጥበት የሚችል ሰፊ ደጅ ነው። ሁለተኛው ለአስታማሚው የሚሆን ቦታ ነው። ሕክምናው ከጠበል ግቢ ወደ ሆስፒታል ሲዛወር መድኃኒት አገኘን፤ ትልቅ ትርፍ ነው። በዝውውሩ የጠፋው ሃይማኖቱ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን የጠፋው የአስታማሚው ቦታ ነው እላለሁ።

የግሽ ዓባይ ምንጭ ሰከላ ውስጥ ነው፤ ፔድሮ ፓኤዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1618፣ ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 ሲደርሱበት ሁለቱም ያዩት ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ውኃ ነበር። የአገሩ ሰው ምንጩን የሚያየው እንደ ወንዝ መነሻ ብቻ ሳይሆን እንደ ጠበል ነው። ከዚያ ወዲህ ባለው የጎጃም ደጋም፣ በጮቄ ተራራ ዙሪያ ባሉት አድባራትና ገዳማት፣ ጠበል ያለበት ግቢ አሠራር ብዙ አይለያይም። በመጀመሪያ ደኑ አለ፤ የሐበሻ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ። እርሻው እስከ አጥሩ ድረስ ቢታረስም ከአጥሩ ወዲያ ዛፍ አይቆረጥም። ከዚያ የቅጥሩ መግቢያ ደጀ ሰላም ይመጣል፤ የሰላም ደጅ መባሉን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ከዚያ ወዲያ ክቡ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ እያለ ደረጃ በደረጃ ወደ ውስጥ የሚጠብ። ጠበሉ ብዙ ጊዜ ከግቢው ዝቅ ብሎ በወንዝ አፋፍ ይገኛል። በሁለቱ መካከል፣ በተዳፋቱ ላይ፣ የጠበልተኛ ጎጆዎች ተበትነው ይታያሉ።

ከእነዚህ ጎጆዎች አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ግድግዳው እንጨት ቆሞ በጭድ በተቦካ ጭቃ የተመረገ ነው፤ ጣሪያው ቀድሞ ሳር፣ በኋላ ቆርቆሮ። ውስጡ ሁለት ሰው እንደ ልብ፣ አራት ሰው ተጨናንቆ ያድርበታል። በግድግዳው ሥር ከጭቃ የተሠራ መደብ አለ፤ በላዩ ቁርበት ወይም ሰሌን ተነጥፏል። ስንቁ በአቁማዳ ተንጠልጥሏል፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። የጠበሉ ጀሪካን ከበሩ አጠገብ ነው፤ ድሮ እንስራ ወይም ቅል ነበር። የታመመው በውስጠኛው መደብ ይተኛል፣ አስታማሚው በበሩ በኩል። በሩ ከሳንቃ የተሠራ ነው፤ መቀርቀሪያውም እንደ ማንኛውም የገበሬ ቤት ከውስጥ ነው። ይህ የመጨረሻው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ጎጆውን ጎጆ ያደረገው፣ ከእስር ቤት የለየውም እርሱ ነው። ሌሊት በሩን የሚዘጋው አብሮ የሚያድረው ሰው ነው፤ ማንም ከውጭ አይቆልፍባቸውም።

በዚያ ግቢ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ አንድ መጠሪያ ነበረው፤ ጠበልተኛ። ማኅፀኗ አልፈታ ያላት፣ ሆዱ የሚቆርጠው፣ እግሩ የማይታዘዘው፣ ሌሊት የሚጮኸው፣ ሁሉም በአንድ ሰልፍ በማለዳ ይወርዳሉ። አጥማቂው በመስቀል ያሻሻቸዋል፤ እምነት ይቀባሉ፤ ቅዳሴ ይሰማሉ። ሱባኤው 7 ቀን ወይም 14 ቀን፣ የበረታው 40 ቀን ይይዛል። በዚህ ሁሉ መካከል አእምሮው የታመመው ሰው ለብቻው ተለይቶ የሚገባበት በር አልነበረም። ይህን በዘመናችን ከተፈጠረው አነጋገር ጋር ማወዳደር ነው። አዲስ አበባ «አማኑኤል ገባ» ሲባል ሰው ሆስፒታል መሄዱን አይነግሩንም፣ ሰውዬው አበደ ማለታቸው ነው። አንድ የሕክምና ቤት ስም የስድብ ያህል ሆነ። ከደብረ ማርቆስ በቅርብ ርቀት ያለችው የማቻክል ወረዳ ከተማ ስሟ አማኑኤል መሆኑ፣ የተወላጆቿም አፍ ይህን ስም በፍቅር መጥራቱ፣ ጥፋቱ የስሙ እንዳልሆነ ያሳያል። ጥፋቱ የበሩ ነው። አንድ ዓይነት ሕመም ብቻ የሚገባበት በር ገቢውን ሁሉ ያስነውራል።

ጠበል ብቸኛው መንገድ አልነበረም። ደብተራው ሥር ይምሳል፣ ክታብ ይጽፋል፤ ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል ጎጃምን ጎብኝቶ ከተመለሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1930 ያሳተመው የአንድ ደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍ የዚህ ሙያ ምስክር ነው። የዛሩ ቤትም ነበር። በጎንደር ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932፣ ሳይመን ሜሲንግ ደግሞ በ1950ዎቹ ያጠኑት የዛር ማኅበር የሚገናኘው በአንዲት ባለዛር ሴት እልፍኝ ውስጥ፣ ቡና እየተፈላ፣ ከበሮ እየተመታ ነበር። ሜሲንግ ይህን የቡድን ሕክምና ብሎ እስከ መጥራት ደርሷል። ስለ ዛሩ እውነትነት መከራከር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ለእኛ የሚጠቅመን በሁለቱም ሙያዎች ታማሚው ለብቻው አለመቅረቡ ነው፤ ደብተራው ዘንድ ወንድም ይዞት ይሄዳል፣ ባለዛሯ እልፍኝ ውስጥ ሌሎች ባለዛሮች ከጎኑ ይቀመጣሉ።

ለዚህ አሠራር ያልታሰበ ምስክር የምናገኘው ከሕግ መጽሐፍ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ሰው እብደቱ በግልጽ የታወቀ ነው የሚባለው መቼ እንደሆነ ሲደነግግ ሁለት መንገድ ያስቀምጣል። በአንቀጽ 341 ሰውዬው በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት በሆስፒታል ወይም በእብዶች መጠበቂያ ተቋም ከገባ እብደቱ የታወቀ ይሆናል። በአንቀጽ 342 ደግሞ ነዋሪዎቹ ከ2000 በታች በሆኑበት ቀበሌ፣ ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ሰዎች ከጠበቁትና በዚሁ ምክንያት እንደ ልቡ እንዳይዘዋወር ካደረጉት፣ እንደ ሆስፒታል ገቢ ይቆጠራል። ሕጉን ያረቀቁት ከፈረንሳይ የመጡ ሊቅ ቢሆኑም፣ ይህ አንቀጽ የገጠሩን እውነት አውቆ የተጻፈ ነው። በዚያ ዘመን የጎጃም ገጠር ሁሉ ማለት ይቻላል በአንቀጽ 342 ሥር ይወድቃል። ሕጉ በአንድ በኩል ተቋሙን፣ በሌላ በኩል አስታማሚውን አስቀምጦ ሁለቱን በአንድ ሚዛን መዘነ። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ተቋሙ ሲሠራ አስታማሚው ከፕላኑ መውጣቱ ነው።

የአማኑኤል ሆስፒታል አጀማመር ከጣሊያን ወረራ ዓመታት ጋር የተያያዘ ነው፤ በአዲስ አበባ መርካቶ አጠገብ ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። እዚያ የሠሩ ባለሙያዎች የተሸከሙት ሸክም የሚያስመሰግናቸው ነው፤ አገር ሙሉ ሕመምተኛ ወደ አንድ በር ሲላክ ሌላ ምን ያድርጉ! ከደብረ ማርቆስ የተነሣ ቤተሰብ ግን ምን እንደሚገጥመው አስቡ። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመካከሉ የዓባይ በረሃ አለ። የታወከ ሰው በአውቶቡስ ይዞ ያን ቁልቁለት ወርዶ ማዶውን መውጣት፣ ከተማ ደርሶ ማደሪያ መፈለግ፣ ሰውዬው ሲተኛ ደግሞ ከአጥር ውጭ መቅረት። የገበሬ ኪስ ይህን ከሳምንት በላይ አይችልም። ስለዚህ አስታማሚው ይመለሳል፤ ታማሚው ዘመድ እንደሌለው ሰው ይቀራል። «ዘመዶቹ ጥለውት ጠፉ» የሚለው ክስ ከዚህ የመጣ ነው። ለብዙዎቹ ግን ሥፍራ ስላልነበራቸው ሄዱ ቢባል ይቀርባል።

ለውጡ የመጣው ቀስ እያለ ነው። በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች በአማኑኤል መሠልጠን ጀመሩና ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ተመደቡ። በ1995 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ፤ እስከዚያ ድረስ በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የታቀደው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም አገልግሎቱ ከመጀመሪያ ደረጃ ጤና ጣቢያ ጋር እንዲዋሐድ አለ። ዛሬ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ አለ፤ ሕመምተኛው በረሃውን ሳይሻገር ይታያል። እንግዲህ ባለሙያውም መድኃኒቱም ቀርቧል። አሁን መጠየቅ ያለበት ቤቱ ምን ይምሰል የሚለው ነው፤ ይህንንም ከውጭ በመጣ ፕላን ብቻ መመለስ በእጅ ያለን ወርቅ እንደ መዳብ መቁጠር ነው።

ይህን ስል «ጠበልን ማሞገስ ሕመምተኛውን ከመድኃኒት ያርቃል» የሚሉኝ አሉ። ስጋቱ እውነት ነው፤ ስንት ሰው በወጣትነቱ ሊድን ሲችል ዓመታት በሱባኤ ብቻ አልፈውበታል። ነገር ግን ደጁን መውረስና ሕክምናውን በጠበል መተካት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እርስ በርሳቸውም ጠላት እንዳልሆኑ የታየ ነው። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት መውሰድና ጠበል መጠመቅ እንደማይጋጩ በይፋ አስተምረዋል። በእንጦጦ ማርያም ጠበልም የአእምሮ ሐኪሞችና አጥማቂ ካህናት ተስማምተው ታማሚው ጠበሉንም መድኃኒቱንም የሚያገኝበትን መንገድ ከፍተዋል፤ የሥራው ውጤትም በሕክምና መጽሔት ታትሟል። ሐኪሙ ታማሚው ወዳለበት ደጅ መሄድ ከቻለ፣ ሆስፒታሉ የደጁን መልክ መያዝ ለምን ያቅተዋል?

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሰንሰለቱ ነው። ከምሰሶ ጋር የታሰረ እግር ያልታየበት የጠበል ግቢ ጥቂት ነው፤ በዱላና በመቁጠሪያ የተደበደበም አለ። ይህን ሸፍኖ ስለ ጥላና ስለ ደጀ ሰላም ማውራት ሐሰት ይሆናል። ሰው በብረት ታስሮ ቁርጭምጭሚቱ ሲቆስል የጻድቅ ደጅ ላይ መሆኑ ቁስሉን አያቀልለትም። ነገር ግን ሰንሰለቱ ከየት መጣ? በጉራጌ ሶዶ ወረዳ በቤት ውስጥ ስለሚታሰሩ ሕሙማን የተደረገ ጥናት ያገኘው፣ ቤተሰብ የሚያስረው ሕክምና ሲያጣ፣ ሰውዬው ገደል ይገባል፣ ጅብ ይበላዋል፣ ሰው ይጎዳል ብሎ ሲፈራ መሆኑን ነው፤ ሕክምና ሲገኝ ሰንሰለቱ የሚፈታበት ዕድል ይሰፋል። ስለዚህ ሰንሰለቱ የደጁ ልጅ አይደለም፣ የመድኃኒት እጦት ልጅ ነው። የሆስፒታል አጥርና የብረት በርም ሰንሰለቱን አያስቀሩትም። ከቁርጭምጭሚት አውጥተው ወደ ግድግዳ ያዛውሩታል እንጂ። አማኑኤል ሆስፒታል በተነሣበት ዘመን የቅኝ ገዢነት ጦር የላከችው ጣሊያን ራሷ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣችው ሕግ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎቿን እንድትዘጋ መወሰኗ ስለ ግንቡ ብዙ ይናገራል።

ሌሎች ደግሞ «አስታማሚ ግቢ ካስገባን ጽዳትና ጸጥታ ይጠፋል» ይላሉ። አስታማሚው ግን ገብቷል። በአገራችን ሆስፒታል ሁሉ በአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፎ ያድራል፤ ምግብ ከአጥር ውጭ አብስሎ ያመጣል፤ መድኃኒት ለመግዛት ይሮጣል። ፕላኑ ስላላሰበው ነው የሚያቆሽሸው። ናይጄሪያዊው የአእምሮ ሐኪም ቶማስ አዴዮዬ ላምቦ እ.ኤ.አ. በ1954 በአቤኦኩታ አጠገብ አሮ በተባለ ስፍራ ሲሠራ የመረጠው ሌላ መንገድ ነበር፤ ታማሚዎቹ በአካባቢው መንደሮች ቤት ተከራይተው፣ ቢያንስ አንድ ዘመድ አብሯቸው እየኖረ፣ ቀን ቀን ሆስፒታል ይታከሙ ነበር። ዘመዱ የሚኖርበት ሁኔታ እንደ ችግር ሳይሆን እንደ ሕክምናው ክፍል ተቆጠረ። ይህ ለጎጃም ሰው ምን አዲስ ነው! የጠበል ጎጆ አሠራር በሐኪም እጅ ሲገባ ማለት ነው።

ግን ዘመድ ሁሉ መልካም አይደለም። ከሚደበድባት ባል የሸሸች ሴት፣ ርስት ሊወስዱበት ሲሉ «አብዷል» ያሉት ሰው፣ አስታማሚው ራሱ የሕመሙ ምክንያት የሆነበት ታማሚ አለ። የጠበሉ ግቢ ለእነዚህ ሰዎች ብዙም መልስ አልነበረውም፤ ያመጣቸውን ሰው ማን ነህ ብሎ አይጠይቅምና። ስለዚህ ዛሬ የሚሠራው ቤት ደጁን ሲወርስ አንድ ነገር መጨመር አለበት፤ ታማሚው አስታማሚውን የሚመርጥበት፣ ካልፈለገውም ከነርስ ጋር ለብቻው የሚነጋገርበት ክፍል። ደብረ ማርቆስ ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም የሚኖሩባት ከተማ መሆኗም እንዲሁ ይታሰብ። ከጠበሉ ግቢ የሚወረሰው መስቀሉና ጠበሉ ሳይሆን ሰው በክብር የሚጠብቅበት ስፍራ ነው፤ ያ ደግሞ በመስጊድ ደጅም በሽማግሌ ዛፍ ሥርም አለ።

ወጪውን የሚያነሡም አሉ፤ ለእነርሱ መልሱ አጭር ነው። ደጅ ከግንብ ይረክሳል። መደብ፣ የዝናብ መጠለያ፣ ጭስ የማያሳፍን ማድ ቤት፣ የልብስ ማጠቢያ ቦይ፣ ዛፍ፤ እነዚህን የጎጃም አናጢና ግንበኛ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሠራቸው ኖሯል። ዛፉን ከጌጥ የሚቆጥሩ ሰዎች፣ ሮጀር ኡልሪች እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመውን ማየት ይችላሉ፤ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው መካከል በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል፣ ያነሰ የሕመም ማስታገሻም ወስደዋል። ጥናቱ የአእምሮ ሕሙማንን የሚመለከት አይደለም፤ በመስኮት የሚታይ ዛፍ በታማሚ ሰው ላይ የሚያደርገውን ለማሳየት ግን ይበቃል። የኛ አድባራት ደናቸውን የጠበቁት በሌላ ምክንያት ቢሆንም ጥቅሙ ለታማሚው ደርሶ ነበር።

ሰው ቤት የደረሰ እንግዳ ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ ከውስጥ ያለው «ደጆች!» ብሎ ይመልሳል። ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደመጣ ገና አልተጠየቀም፤ መልሱ የቆመበትን ቦታ ስም ጠርቶ አለህ ይለዋል። በአብዛኛው የሕክምና ተቋም በር ላይ ግን የመጀመሪያው ቃል የጥበቃው «ካርድ አለህ?» ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የታወከ ወንድሙን ይዞ ከቢቸና ወይም ከደብረ ኤልያስ ለመጣ ሰው። በደብረ ማርቆስ እንዲህ ያለ ቤት የሚሠራ መሐንዲስ አልጋውን ከመቁጠሩ በፊት፣ «ደጆች» ብሎ የሚመልሰው ሰው በየትኛው መስኮት እንደሚቀመጥ፣ ከመስኮቱ ፊትም ሁለቱ ወንድማማቾች ጎን ለጎን የሚያርፉበት መደብ የት እንደሚሆን በወረቀቱ ላይ ያስምር።